የቻርጀሩ ቁጥር ምን ይላል?

(ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

በሉ እንግዲህ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ አንድ ተጨማሪ ነገር አምጡ፤ በቤታችሁ ያለውን የስልክ ቻርጀር። ሶኬት ላይ ከሆነ ንቀሉትና በእጃችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ፊደል የምንማረው ለምንድን ነው? ደብዳቤ ለማንበብ ነው፤ ደረሰኝ ለማንበብ ነው፤ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ለማንበብ ነው። ዛሬ ሌላ ንባብ እንጨምርበታለን። በየቤታችን አለ፤ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። እርሱም በቻርጀሩ ጀርባ ላይ በደቃቁ የታተመው ጽሑፍ ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነው። የአንዱን ስልክ ቻርጀር ለሌላው መስጠት ይቻላል ወይስ አይቻልም? አንዱ ቻርጀር ግማሽ አምፔር ቢል፣ ሌላው 2 አምፔር ቢል፣ ትልቁ ትንሿን ስልክ ያቃጥላታል ወይ?

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ላጫውታችሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ጥቂት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ወደ ስማዳ ገጠር ተዛወርኩ። እዚያ አንዲት እናት ጎረቤቴ ነበሩ። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዷል። በየሰንበቱ፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ይደውልላቸዋል። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። በቤታቸው መብራት ስለሌለ ወደ ወገዳ ገበያ ለሚወጣ ሰው ስልኩንና ቻርጀሩን በጨርቅ ቋጥረው ይልካሉ፤ ሱቅ ውስጥ በጥቂት ብር ቻርጅ ተደርጎ ይመለስላቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ የቻርጀሩ ገመድ ተበጠሰ።

በትምህርት ቤታችን ሶላር ነበረ። ስልክ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው አጠገብ «5 ቮልት፣ 2 አምፔር» የሚል ተጽፎበታል። «እማማ፣ እዚህ ይሰኩት» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ የኔዋ ግማሽ ናት፤ ሁለት ላይ ከተሰካች ትፈነዳለች ብለውኛል ገበያ ላይ» አሉና ስልካቸውን ወደ ጉያቸው መለሱ። እኔም አላስረዳኋቸውም፤ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሦስት ሰንበት አለፈ። በአራተኛው ሳምንት ልጃቸው አቧራ ለብሶ ከደጃፋቸው ደረሰ። «ስልኩ ዝግ ሲሆንብኝ እናቴ ሞታለች ብዬ ነው» አለ። አጨዳው ሳያልቅ፣ የቀረ ሒሳቡን ሳይቀበል ነበር የመጣው። እናቲቱ ግን በጤናቸው ቡና ይቆላሉ። አያችሁ ወገኖቼ? አንድን ጐልማሳ ከእንጀራው ያፈናቀለው አንድ በቅጡ ያልተነበበ ቁጥር ነው።

እንግዲህ ያንን ቁጥር አብረን እናንብብ።

በቻርጀሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በላቲን ፊደል ነው። አትደንግጡ! የሚያስፈልጉን ፊደላት ጥቂት ናቸው፤ ደግሞም የኛን ፊደል ይመስላሉ።

አንደኛ፣ በክብ ፊደል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ። ያ ክብ ፊደል የኛን ዐይኑን «ዐ» ይመስላል። መስመሩ «አውትፑት» ይባላል፤ ከቻርጀሩ ወጥቶ ወደ ስልኩ የሚሄድ ማለት ነው። ከበላዩ ወይም ከጎኑ አንዲት ቀጥ ያለች በትር በምትመስል ፊደል የሚጀምር ሌላ መስመር አለ። እርሱ «ኢንፑት» ነው፤ ከግድግዳው ወደ ቻርጀሩ የሚገባ ማለት ነው። እዚያ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ታገኛላችሁ። በአገራችን የግድግዳው ኮረንቲ 220 ቮልት ስለሆነ በመካከሉ ይገኛል። ይህን ትልቅ ቁጥር አይታችሁ አትፍሩ፤ ወደ ስልካችሁ የሚሄደው እርሱ አይደለም። እኛ የምናነበው የ«ዐ»ን መስመር ነው።

ሁለተኛ፣ «ሀ»ን ከታች ሹል አድርጋችሁ ብትጽፏት የምትመስል ፊደል አለች። ቮልት ማለት ናት። ከፊቷ ያለው ቁጥር በአብዛኛው የስልክ ቻርጀር ላይ 5 ነው።

ሦስተኛ፣ «ለ»ን ጽፋችሁ በመሐሏ አግድም ብታሰምሩባት የምትመስል ፊደል አለች። አምፔር ማለት ናት። ከፊቷ 0.5 ቢል ግማሽ አምፔር፣ 1 ቢል አንድ አምፔር፣ 2 ቢል ሁለት አምፔር ነው።

አራተኛ፣ አንዳንዱ ቻርጀር ላይ ከዚህችው ፊደል ፊት ባለ ሦስት እግሯን «ሐ» የምትመስል ደቃቅ ፊደል ትቆማለች። ያን ጊዜ ሚሊ አምፔር ይባላል። 1000 ሚሊ አምፔር አንድ አምፔር ነው። ስለዚህ 500 ሚሊ አምፔር ቢል ስንት ነው? ግማሽ አምፔር ነው! 500 ከ2 ይበልጣል ብሎ መደናገጥ የለም ማለት ነው።

ስሞቹ የሰው ስሞች ናቸው። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ባትሪ ለዓለም ያስተዋወቀ ኢጣሊያዊ ነው። አምፔር ደግሞ ከ1775 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. የኖረ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ለሁለቱ መታሰቢያ መለኪያዎቹ በስማቸው ተጠሩ።

አሁን ልዩነታቸውን በውኃ እንመልከት።

ከጉና ሥር የሚነሣውን ርብን አስቡ። አንድ ጥጃ ወደ ወንዙ ወርዶ ይጠጣል። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ከመቶ ከብት የሚተርፍ ውኃ አለው። ታዲያ ወንዙ ሰፊ ስለሆነ ጥጃው ይፈነዳል? አይፈነዳም! የሚጠጣው በሆዱ ልክ ነው እንጂ በወንዙ ልክ አይደለም። ጠግቦ ቀና ይላል፤ ወንዙም መንገዱን ይቀጥላል። በቻርጀር ላይ የተጻፈው አምፔር እንደ ወንዙ ስፋት ነው። «እስከዚህ ድረስ መስጠት እችላለሁ» ማለት ነው እንጂ «ይህን ያህል በግድ አጠጣለሁ» ማለት አይደለም።

ቮልት ግን ሌላ ነው። ቮልት ውኃው የሚወርድበት ከፍታ ነው። ያንኑ ጥጃ ከገደል አፋፍ በሚወረወር ፏፏቴ ሥር ብታቆሙትስ? ውኃው ይደፋዋል፣ ይሰብረዋል። እዚያ ላይ በሆዱ ልክ መጠጣት የለም። ስለዚህ ቮልት ከሚፈለገው ሲበልጥ ዕቃ ያቃጥላል፤ የቻርጀሩ አምፔር ሲበልጥ ግን አያቃጥልም።

እንግዲህ ይህን በደብተራችሁ ጻፉ፦

ቮልቱ እኩል ይሁን። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።

የዛሬው ትምህርት ፍሬ ይኸው ነው።

«ስልኩ ልኩን በምን ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባትሪውን የሚመግበው የግድግዳው ሳጥን ብቻ አይደለም። በስልኩ ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ ተቆጣጣሪ አለ። 5 ቮልቱን ተቀብሎ ለባትሪው በሚስማማው መጠን ይሰጣል፤ አብዛኛው የስልክ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ተቆጣጣሪው አመጋገቡን ይቀንሳል፤ ሲሞላም ያቆማል። ስለዚህ ግማሽ አምፔር የሚፈልግ ስልክ 2 አምፔር መስጠት በሚችል ቻርጀር ላይ ቢሰካ ግማሹን ወስዶ ሌላውን ይተወዋል።

ነገሩ ሲገለበጥስ? ትልቅ ስልክ በትንሽ ቻርጀር ቢሰካ? ይህ በሬን ከጠብታ ምንጭ እንደ ማጠጣት ነው። ይጠጣል፤ ግን ያዘግማል። ብዙ ስልኮች ቻርጀሩ አቅም እንደሌለው ሲረዱ አወሳሰዳቸውን ይቀንሳሉ። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ፣ ሁለቱ መልእክት ያደርሳሉ። ስልኩ በመልእክተኞቹ በኩል «የተሰካሁት ከኮምፒዩተር ላይ ነው ወይስ ከቻርጀር?» ብሎ ያጣራል። የተለመደው የኮምፒዩተር ቀዳዳ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ያህል ስለሆነ እዚያ ላይ ሲሰካ በቀስታ ይወስዳል። መናኛ ቻርጀር ግን ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ይግላል። መጋሉ የድካሙ ምልክት ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በባትሪው ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ ተጽፏል። የትንሿ ስልክ ባትሪ 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል እንበል። በ500 ሚሊ አምፔር ብንሞላው 1000 ለ500 ሲካፈል 2 ሰዓት ይሆናል። በመንገድ የሚባክን ስላለና መጨረሻው ላይ ስለሚዘገይ፣ በሥራው ሦስት ሰዓት ያህል ብንል ይሻላል። የትልቁ ስልክ ባትሪ ግን 4000 ቢይዝ፣ በዚያው በ500 ቻርጀር 8 ሰዓት ያልፈዋል። በ2 አምፔር፣ ማለትም በ2000፣ ብንሞላው 2 ሰዓት ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ በገበያ ቀን ንፋስ መውጫ ወይም ዐርብ ገበያ ወጥታችሁ ስልካችሁን ሱቅ ብትሰጡ፣ ማታ ሳይሞላ የሚመለሰው ባለሱቁ ስላታለላችሁ ላይሆን ይችላል። ቻርጀሩን ጠይቁና ቁጥሩን አንብቡ።

በሶላርም ይኸው ሒሳብ ይሠራል። ቮልትን በአምፔር ስናባዛ ዋት እናገኛለን። 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ነው። ታዲያ 10 ዋት የተባለ የሶላር ሰሌዳ 10 ዋት የሚሰጠው ፀሐይ በደንብ ስትመታው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉና ጉም ሲለብስ ከዚያ በጣም ያነሰ ይሰጣል። ትልቁ ስልክ ከዚያ ላይ ሲሰካ፣ የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ወንዙ ቀንሶ ነው። ያን ጊዜ ትንሿን ስልክ አስቀድሙ። የሶላር ፋኖስም ላይ ትልቅ ስልክ ከሰካችሁ ፋኖሱ ያጠራቀመውን ስልኩ ሊጠጣበት ይችላል፤ ማታ ልጆች የሚያጠኑበት ብርሃን ይጠፋል። ስልኩን በቀን፣ ፀሐይ ሳለች፣ ስኩት።

በከተማ ደግሞ ፈጣን የሚባል ቻርጀር መጥቷል። በላዩ «5 ቮልት፣ 3 አምፔር»፣ ቀጥሎም «9 ቮልት፣ 2 አምፔር» የሚል ይገኝበታል። አንዳንዱ 12፣ አንዳንዱም 20 ቮልት ይደርሳል። «ቮልት ሲበልጥ ያቃጥላል ብለኸን የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ! ነገር ግን ደንቡን ጠብቆ የተሠራ ፈጣን ቻርጀር የሚጀምረው ከ5 ቮልት ነው። ስልኩ «9 ስጠኝ፣ እችላለሁ» ብሎ ካልጠየቀ ከ5 አያልፍም። ትንሿ ስልክ ቋንቋውን ስለማታውቅ አትጠይቅም፤ 5 ቮልቷን ወስዳ ትሞላለች። ስለዚህ ፈጣኑ ቻርጀር ለትንሿም ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዩኤስቢ ነው። ሁሉም ቻርጀር ግን ዩኤስቢ አይደለም። አሁን ያን ጊዜ ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት ልጆች ትምህርት የሚያዳምጡበት አንድ ሬዲዮ ነበረን። በአራት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለሆነ አራቱ 6 ቮልት ይሆናሉ። ድንጋዩ ሲያልቅብን፣ መብራት ስለነበረ፣ ከአንድ ሰው ቤት ባለ ክብ ጫፍ ቻርጀር ተውሼ መጣሁ። ጫፉ ልክ ገባ። «ከገባማ ይስማማል» ብዬ ሰካሁት። ልጆቹ ከፊቴ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጠሽ አለ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሬዲዮው ከዚያ ወዲያ አልተናገረም፤ ልጆቹም ዓመቱን ሙሉ ያለ ሬዲዮ ተማሩ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ቻርጀር ማቀያየር የሚባል ነገር ፈራሁ። እማማን ማስረዳት ያቃተኝም ስለዚህ ነው።

የእማማ ልጅ ከመጣ በኋላ አላስችል አለኝ። የተበጠሰውን ቻርጀራቸውን ይዤ፣ ያን የተዋስኩትንም ቻርጀር አፈላልጌ፣ ከተማ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ ወደሚጠግን ሰው ሄድኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስነበበኝ። የእማማ ቻርጀር «5 ቮልት፣ 500 ሚሊ አምፔር» ይላል፤ የሶላሩም ቀዳዳ 5 ቮልት ነው። እኔ የሰካሁት ግን «12 ቮልት፣ 1 አምፔር» ይላል፤ ሬዲዮው የሚፈልገው 6 ነበር። «ያቃጠልከው በቮልቱ ነው እንጂ በአምፔሩ አይደለም» አለኝ። እማማ ሊፈራ የማይገባውን ቁጥር ፈሩ፤ እኔ ሊፈራ የሚገባውን ቁጥር ሳላነብ አለፍኩ።

ስለዚህ ባለ ክብ ጫፍ ቻርጀር ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። የሬዲዮ፣ የዲሽ፣ የቴፕ፣ የትንሽ ቴሌቪዥን ሊሆን ይችላል። አንዱ 6፣ አንዱ 9፣ አንዱ 12 ቮልት እያለ ጫፋቸው ሊመሳሰል ይችላል። እዚህ ላይ የጫፉ መግባት ምስክር አይሆንም። የቮልቱ ቁጥር ከዕቃው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ትንሽ ሥዕልም አለ፤ የሁለቱ ሥዕል አንድ ዓይነት ካልሆነ አትሰኩ።

ሌላም አለ። የሶላር ሰሌዳ ሽቦን በቀጥታ ስልክ ላይ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ይህን አታድርጉ! ባለ 12 ቮልት የሚባለው ሰሌዳ ምንም ሳይሸከም በጠራ ፀሐይ ላይ ሲሆን ከ20 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። በመካከል 5 ቮልት አድርጎ የሚያወርድ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ባትሪም እንዲሁ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ዕቃው ራሱ መናኛ ሊሆን ይችላል። ቻርጀሩ ለብ ቢል ደኅና ነው። እጅ የማያስነካ ከሆነ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ እዝዝ ካለ፣ ወይም ሽቦው ከተላጠ ግን ንቀሉት። ባትሪው ያበጠ ስልክ ከቶ አይሰካ። ቻርጀሩን ከትራስ ሥር፣ ከሣርና ከጭድ አጠገብ አታድርጉት። ቤታችሁ ሣር ክዳን ከሆነ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ይህ የቻርጀር ነገር የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ዩኤስቢ በ1996 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላም ብዙ ዘመን እያንዳንዱ የስልክ ፋብሪካ የራሱን ጫፍ ይሠራ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ታላላቆቹ ስልክ ሠሪዎች ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ለብዙ ስልኮች አንድ ዓይነት ቻርጀር ለማድረግ ተስማሙ። ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጥ አዲስ ስልክ ሁሉ ሁለቱም ፊቱ አንድ የሆነውን፣ «ታይፕ ሲ» የሚባለውን ቀዳዳ እንዲይዝ በሕግ ታዘዘ። ምክንያቱም ቻርጀር እየተጣለ ቆሻሻ መብዛቱ፣ ሰውም በከንቱ ገንዘብ ማውጣቱ ነው። እኛም በየመሳቢያውና በየሳጥኑ ደኅና ቻርጀር አስቀምጠን ሌላ የምንገዛ ከሆነ ያው ነን ማለት ነው።

አሁን ጥያቄ ልስጣችሁ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1ኛ፣ ስልካችሁ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ይፈልጋል። ጎረቤታችሁ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር የሚል ቻርጀር አለው። ይሆናል ወይስ አይሆንም?

2ኛ፣ ሬዲዮአችሁ 6 ቮልት ይፈልጋል። ያገኛችሁት ቻርጀር 9 ቮልት ይላል፤ ጫፉ ግን ልክ ይገባል። ትሰካላችሁ?

3ኛ፣ ቻርጀሩ ላይ 700 ሚሊ አምፔር ይላል። ከ1 አምፔር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

መልሱ፦ የመጀመሪያው ይሆናል። ሁለተኛውን አትሰኩ። ሦስተኛው ያንሳል፤ 1 አምፔር 1000 ሚሊ አምፔር ነውና። ሦስቱንም ካገኛችሁ፣ ትምህርቱን ያልሰማ ጎረቤት ፈልጋችሁ ዛሬውኑ አስተምሩ።

እማማ ከዚያ በኋላ ስልካቸውን ከትምህርት ቤቱ ሶላር ላይ ይሰኩ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ግን እስክትሞላ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሡም፤ በየጊዜው በመዳፋቸው እየዳሰሱ «አልጋለችም» ይሉኝ ነበር። ልጃቸው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በሰንበቱ ደወለ፤ ስልኳም ጮኸች።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሰንብቱ።